በየጠዋቱ የምንገፋት ፒካፕ

ሲይዙኝ ሁለቱም እጆቼ ግሪስ ነበሩ። ወገዳ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የምጠግንባት ሱቅ አለችኝ። የዚያን ቀን የአንድ ጭነት መኪና ሞተሪኖ፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳውን ማለቴ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ፈትቼ ዘርግቼዋለሁ። “እጄን ልታጠብ” ብል “እዚያው ትታጠባለህ” አሉኝ። ውሸት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንጀራ የበላሁት በዚያው ግሪስ ነው።

ወንጀሌ መኪና ማስነሳት ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንዲት መኪና ገበያው ዳር ቆማ እምቢ ብትል ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። የባትሪዋ ጫፍ ላልቷል፣ አጠበቅኩት፣ ተነሳች፣ ሄደች። ለካ የተሳፈሩት የሚፈለጉ ሰዎች ናቸው። መርማሪው “ለምን አስነሳህላቸው?” አለኝ። “ቆማ ስለነበር” አልኩት። የማሾፍበት መሰለው። ደግሞ ጠየቀኝ፣ ደግሜ ያንኑ አልኩት። ሌላ መልስ ቢኖረኝ እኔም ደስ ባለኝ።

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። የከተማዋ ስም ይቅር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር በቀረች ክፍተት ብቻ። ስገባ ዓይኔ ምንም አላየም። አፍንጫዬ ግን ላብ፣ የሽንት ባልዲና የከረመ ገብስ ሸተተው። “እግርህን እየው፣ ሰው አለ” አለኝ አንድ ድምፅ። እውነትም ወለሉ ሁሉ ሰው ነበር። ቦታ የለቀቁልኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የእስቴ ገበሬ፣ ልጃቸው የት እንደገባ ይናገሩ ተብለው የመጡ። ከመያዛቸው በፊት እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያ ስቶ እግራቸውን መቷቸው ነበርና በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለውታል። ያንን የታመመ እግራቸውን ሰብስበው ነው እኔን ያስቀመጡኝ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተከፈተና “ስምንት ሰው!” ተባለ። ለዱላ የተጠራን መስሎኝ ጥግ ያዝኩ። ሌላው ግን እየተጋፋ ወደ በሩ ሮጠ፤ ሽማግሌው ሳይቀሩ እያነከሱ ተነሱ። “ና እንጂ፣ አዲስ ሰው ቅድሚያ አለው” ብሎ እጄን የጎተተኝ አንድ የንፋስ መውጫ ባጃጅ ነጂ ነው። ለካ የተጠራነው ፒካፕ ለመግፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጋዘኑን እስር ቤት ያደረገው ፖሊስ ጣቢያ ያለችው አንዲት አሮጌ ፒካፕ ናት፤ እሷም በቁልፍ አትነሳም። በየጠዋቱ እስረኛ ወጥቶ ከግቢው አንስቶ መንገዱ ቁልቁል እስከሚሆንበት ድረስ ይገፋታል፤ ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ እየተንገጫገጨች ትነሳለች። ከበሩ ውጭ ስንቅ ያመጡ ቤተሰቦች ቆመዋል። እስረኛ መጠየቅ ክልክል ነው፣ መኪና መግፋት ግን ግዴታ ነው። ስለዚህ ሰው ሚስቱንና እናቱን የሚያየው እየገፋ በሚያልፍባት በዚያች ጊዜ ብቻ ነው። የባጃጅ ነጂው ሚስት እሱ ከታሰረ በኋላ ወልዳለች። ልጁን የሚያውቃት እጁን ፒካፗ ላይ ደግፎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው። የሽማግሌውም ሴት ልጅ ከእስቴ ድረስ በእግሯ እየመጣች ትቆማለች። ፀሐዩም አለ። ከዚያ ቤት ወጥቶ ፀሐይ ፊት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ለማንም ማስረዳት አልችልም።

እኔ ግን በመጀመሪያው ጠዋት ያየሁት መኪናዋን ነው። ሙያ መጥፎ ልማድ ነው። ሾፌሩ፣ እሱም ፖሊስ ነው፣ ለወጉ ያህል ቁልፉን አዞረ። “ቀጭ” አለችና ዝም። የፊት መብራቷ በርቶ ነበር፤ ቁልፉ ሲዞር ንቅንቅ አላለም። ባትሪ ቢደክም መብራቱ ይፈዛል፣ ይኼን የሙያው ጀማሪ ያውቀዋል። ሾፌሩ ግን ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ጫፎች በድንጋይ ቀጠቀጠና “ይኼም ባትሪ ሞቷል፤ ሌላ ይምጣ” አለ። ባትሪው የገባው ከትናንት ወዲያ ነው!

አንገቴን አሰገግኩ። ከሞተሩ ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደው ኔጌቲቭ ገመድ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፣ ብሎኑም ላልቷል። ወደ ሞተሪኖው የሄደ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚያ ገመድ ነው፤ መመለሻ ካጣ መቶ ባትሪ ቢቀየር ሞተሪኖው አይዞርም። ዲናሞውም ባትሪውን በደንብ የሚሞላው ይኸው ገመድ ሲያዝ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የባትሪ መብራት መኪናዋ ከተነሳች በኋላም የማትጠፋው ለዚህ ነው። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ። አፌን ልከፍት ስል ባጃጅ ነጂው እግሬን ረገጠኝ።

ከገባን በኋላ “ምን ልትል ነበር?” አለኝ።

“ገመዷ ነው። ባትሪው ደህና ነው።”

“እኔም ሾፌር ነኝ እኮ፣ ባትሪ አለመሆኑ አልጠፋኝም። ብታስተካክላት ነገ ጠዋት ማን ያወጣናል?”

ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ይሰማል። ለሾፌሩ ላለመንገር ወሰንኩ።

በሁለተኛው ጠዋት ሾፌሩ ከሌላ መኪና የተፈታ ባትሪ አመጣ። ቀጭ፣ ዝም። በሦስተኛው ቀን “ሞተሪኖው ነው” ብሎ ደህናውን ሞተሪኖ በመዶሻ ሲመታው እኔ ላይ ያረፈ ያህል ተሰማኝ። አጠገቡ ቆሜ እጄ ይበላኛል። መልሱን እያወቁ ዝም ማለት፣ ያውም በማያውቅ ሰው እየተሰደቡ፣ “ደህና አድርገህ ግፋ አንተ ሰነፍ!” እየተባሉ፣ እንዴት እንደሚያናድድ! መታሰሬ እንኳ እንደዚያ አላንገበገበኝም።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ለመግፋት መነሳት አቃታቸው። የነጠላዋን ቁራጭ ስንፈታ ጣቶቻቸው ጠቁረዋል፤ ሽታው ከባልዲው ባሰ። ባጃጅ ነጂው ራሱ በሩን ደብድቦ የጣቢያውን አዛዥ አስጠራ። አዛዡ ክፉ ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብሎ እግሩን አየና አፍንጫውን ያዘ።

“ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ካልደረሱ አይሆንም” አለ።

“እንግዲያው ይውሰዷቸው” አለ ባጃጅ ነጂው።

“በምን? በዚህች መኪና? መሃል መንገድ ላይ ብትጠፋ ማን ይገፋታል? አምቡላንስ ጠይቀናል፤ ይመጣል።”

በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ የሕዝብ መኪና አይሠራም ነበር። አምቡላንሱም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጥኩ።

“አባባ፣ ነገ እናገራለሁ። መኪናዋን አስተካክላታለሁ።”

“ተው ልጄ” አሉኝ። “ለአንድ ሽማግሌ እግር ብለህ የዚህን ሁሉ ሰው ፀሐይ ልትወስድ ነው? ይኼ ልጅ ሕፃኗን የት ሊያያት ነው? ቁስል ነው፣ ይድናል።”

“ኧረ እየጠቆረ ነው አባባ።”

“ተው አልኩህ!”

ተውኩት። ሽማግሌ ስለማከብር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ፀሐዩን እኔም እፈልገው ነበር። በአራተኛው ጠዋት ወጣሁ፣ ገፋሁ፣ ፀሐዬን ሞቅኩ። ሴት ልጃቸው በር ላይ ቆማ በእጇ “የታሉ?” ስትለኝ መልሼ በእጄ “ደህና ናቸው” አልኳት።

ያን ቀን ትኩሳቱ ያዛቸው። በሬዎቻቸውን በስም እየጠሩ፣ “ሳብ! ሳብ!” እያሉ ያርሱ ጀመር። በአምስተኛው ጠዋት “ስምንት ሰው!” ሲባል ከሁሉ ቀድሜ ተነሳሁ። ባጃጅ ነጂው አየኝ፣ ገባው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ግቢው ውስጥ “ችግሯ ባትሪ አይደለም። እኔ ላስነሳት” አልኩ።

“ዝም ብለህ ግፋ!” አለ ሾፌሩ።

አዛዡ ከቢሮው በር ላይ ሰማ። “ይሞክራት” አለ።

የክሪኩን ብረት አነሳሁ፤ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ አስነካሁትና “አዙር” አልኩት ሾፌሩን። ብልጭ አለ፣ ሞተሪኖው ዞረ፣ መኪናዋ ተነሳች። ከኋላዋ ሊገፋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እጁን አወረደ። ደስ ያለው አልነበረም። አስጠፋኋትና የገመዱን ብሎን ፈትቼ ዝገቱን በድንጋይ ፈግፍጌ አነጣሁ። ከዚያ ብሎኑን መልሼ እንደማስገባት እጄ ውስጥ ጨበጥኩት።

“ሽማግሌው ጋቢና ይቀመጣሉ” አልኩ። “እጃቸው አይታሰርም። ልጃቸውም አብራ ትሄዳለች።”

“እስረኛ የሚጫነው ከኋላ ነው” አለ ሾፌሩ።

“እንግዲያው ግፏት።”

አዛዡ መጀመሪያ የጨበጥኩትን እጄን፣ ቀጥሎ ፊቴን አየ። “አምጧቸው” አለ። ተሸክመን አወጣናቸውና ጋቢና ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ ልጃቸው ከጎናቸው ገብታ ጭንቅላታቸውን ደገፈች። የበሩን መዘጋት ከሰማሁ በኋላ ነው ብሎኑን ያጠበቅኩት። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ፤ በአንድ ጊዜ ተነሳች፣ የባትሪዋም መብራት ጠፋች።

በማግስቱ በሩ አልተከፈተም። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ስትነሳ ሁላችንም ሰማናት፣ ከዚያ ድምፅዋ ራቀ። ከበር ውጭ ሕፃን አለቀሰች። ባጃጅ ነጂው “ትክክል ነህ። ለጊዜው ግን አታናግረኝ” አለኝ። አንድ ወር ሙሉ አላናገረኝም። አልፈረድኩበትም፤ ግን ያ ወር ከምርመራው ሁሉ ከብዶኛል።

እኔን እንዳሰሩኝ ሁሉ ያለ ምንም ማብራሪያ ለቀቁኝ። በተፈታሁ በሁለተኛው ወር እያጠያየቅኩ እስቴ ሄድኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። ሲያዩኝ ስመው ስመው አልጠግብ አሉኝ። “ሐኪሙ ሦስት አራት ቀን ብትቀድም ጣቶችህን ብቻ ቆርጬ እተውልህ ነበር አለኝ። ምን ይደረግ፣ መኪና የለም!” አሉ።

ትኩሳቱ የተባባልነውን አስረስቷቸዋል መሰለኝ፤ ያኔ ነገርኳቸው። ብልሽቷን በመጀመሪያው ጠዋት እንዳወቅኩ፣ አራት ጠዋት ሙሉ እያወቅኩ እንደገፋሁ። እሳቸው ራሳቸው ተው እንዳሉኝም አስታወስኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። “ብዬሃለሁ” አሉ። “ታዲያ እኔ ገበሬ ነኝ፣ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ? ስለ እግሬስ ምን አውቃለሁ? እኔ ተው ብልህ፣ አንተ ምን ሆነህ ሰማኸኝ?”

ክራንቻቸውን አንስቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። አሁንም ሱቄ ውስጥ ሰው መኪናውን እያስገፋ ሲመጣ ይኸው ጥያቄ ይመጣብኛል፣ ሠራተኞቼ ላይም ያለ ጥፋታቸው እጮሃለሁ። ያን ቀን ምሳ አብረን በላን፤ ስሄድም በክራንቻቸው እስከ አጥሩ ሸኙኝ። “ደግሞ ናና ጠይቀኝ” አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። በየፋሲካው እሄዳለሁ።