ላባው የነካኝ ቦታ

ጠዋት ሲነሡ አንሶላዎ ላይ የገዛ ቆዳዎን አግኝተው ያውቃሉ? እኔ አግኝቻለሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መቀሌ ውስጥ አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት ነው።

በመጀመሪያ ክርኔ ላይ ሳንቲም የምታህል ቀይ ነገር ወጣች። ከዚያ ጉልበቴ ላይ፣ ከዚያ ጀርባዬ ላይ። በሁለት ወር ውስጥ ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቀላሁ፤ እንደ ሽንኩርትም ተላጥሁ። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ በብርድ እንቀጠቀጥ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት ደብተር አሰመርኩ፦ የበላሁትን በአንድ በኩል፣ የታጠብኩበትን በሌላ በኩል። አከራዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችኝ። እኔ ደግሞ ጨው ቁስል ያጠራል ብዬ የአሞሌ ስባሪ እያሟሟሁ ጠዋትና ማታ ታጠብኩበት። ሲብስብኝ ጨዉን ጨመርኩ።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የፈራው ሥጋ ደዌን ነበር። «ተመርምረህ ና። እሱ ከሆነ ልጆቹ ፊት አትቆምም» አለኝ። እሺ አልኩ። መናደድ ወይም ማልቀስ ነበረብኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። ጠመኔዎቼን በቁመታቸው መሳቢያ ውስጥ ደርድሬ ወጣሁ።

ክሊኒክ ስሄድ አከራዬ አብራኝ መጣች። የክሊኒኩ አካሚ፣ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር፣ ደብተሬን አገላበጠና ቀና አለ።

«በጨው? በቀን ሁለቴ?»

«አዎ።»

«መምህር፣ ቋንጣ ልታደርገው ነው እንዴ? በርበሬውን ረሳኸው!»

«ስንቴ ነገርኩት!» አለች አከራዬ። «የኔን ዳማከሴ ንቆ ነው፣ ወደይ!» በትግርኛ ልጄ ማለቷ ነው።

ድሬሰሩ የዶሮ ላባ አነሣ። ሥጋ ደዌ የያዘው ቆዳ ንክኪ እንደማይሰማው አስረዳኝና ዐይኔን አስጨፈነኝ። በነካኝ ቁጥር ቦታውን በጣቴ እንዳሳየው ነገረኝ። ክርኔን አሳየሁት፤ ጀርባዬን፣ ጉልበቴን። ከዚያ ንክኪው ቆመ።

«አሁንስ?»

«አልነካኸኝም።»

«ጎበዝ። ሥጋ ደዌ አይደለም። ከምን እንደመጣ ግን አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜዬ ሁለት ባይ ነው። ያባባሰው ጨውህ ነው።»

ቫዝሊን ተቀባ፣ ውሃ በብዛት ጠጣ፣ እንዳይበርድህ ተሸፋፈን፣ አትፈትግ አለኝ። ለኃላፊውም ወረቀት ጻፈልኝ። አከራዬ እልል አለች። እኔ ወረቀቱን አራት አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ ደስ ማለት እንዳለብኝ ዐውቅ ነበር።

ከወራት በኋላ ቆዳዬ ዳነ፤ ክርኔ ላይ ያለችው ብቻ ቀረች። ክፍሌም ተመለስኩ።

እስቲ ዛሬ ዐይንዎን ጨፍነው አንድ ሰው ክንድዎን በላባ ይንካዎት፤ ላባ ከሌለ ጥጥ ይበቃል። ቦታውን ያሳዩ። ቆዳው የተላጠ ጎረቤት ካለዎት ደግሞ ከመሸሽዎ በፊት እሱንም ይሞክሩትና ክሊኒክ ድረስ አብረውት ይሂዱ።