ጎማ ሥር የገባው አሞናይት

እሑድ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ከሚሴ

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ከመቀሌ ዙሪያ ያገኘሁት አሞናይት በማዳበሪያ ተጠቅልሎ አጠገቤ ነው ያደረ። በጁራሲክ ዘመን ባሕር ውስጥ የኖረ፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ ዛጎል፤ አሁን ድንጋይ ሆኗል። ፐሪስፊንክቴስ ከሚባለው ወገን ይመስለኛል። ምልክቱ ዛጎሉ ላይ የተደረደሩት ጎድኖች ወደ ውጭው ጠርዝ ሲደርሱ ለሁለት መከፈላቸው ነው። የእኔው ግን ተበልቶ ያ ጠርዝ የተረፈው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ለመምህሬ ካላሳየሁት የመመረቂያ ጽሑፌ ገደል ገባ!

መናኸሪያው በባጃጅ ተጨናንቋል። የሚኒባሱ ሾፌር ሰይድ "አካም ቡልቴ?" ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ። ማዳበሪያዬን ራሴ ከኋላ ወንበር ሥር ወሸቅሁ። ምን እንደያዝኩ አልነገርኩትም፤ ሞኝ ነኝ።

1 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

ግራ ቀኙ ማሽላ ነው። ዳገት ላይ ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ወረድን። ጥላ ፈልጌ ስመለስ ደህናው ጎማ ሥር የተወተፈው ታኮ የኔ አሞናይት ነው!

"ኧረ ምን ጉድ ሠራኸኝ!"

"ወላሂ ታኮ መስሎኝ ነው እህቴ! ድንጋይ በማዳበሪያ የሚይዝ ሾፌር እንጂ ተሳፋሪ የት ታየ?"

ሁላችንም መኪናውን በትከሻችን ደግፈን ስንይዝ፣ ሰይድ በሌላ ድንጋይ ተካው። ያ የተረፈው ጠርዝ ተሰብሮ ጠፍቷል። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ወደ ሰንበቴ ገበያ የሚሄዱት እትዬ ዘሀራ "አብሽሪ ልጄ፣ ምን ዓይነት ስባሪ ነው የምንፈልግ?" አሉኝ። ጎድኑ ለሁለት የሚከፈልበት አልኳቸው። ገበያተኛው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። ከኋላችን የቆመ አይሱዙ ጥሩምባውን ያምባርቃል።

"ስንት ዓመቱ ነው?" አለ ሰይድ።

"ከመቶ ሃምሳ ሚሊዮን በላይ።"

"አስተግፊሩላህ! ያን ሁሉ ኖሮ ኖሮ በኔ ጎማ ይለቅ?"

በመጨረሻ ከጎማው ጥርስ ውስጥ አንዲት ስባሪ በካቻቢቴ ፈልቅቆ ሰጠኝ። ያቺው ትሁን አትሁን ለማየት ፈራሁ። የፈነዳው ጎማ ሲቀየር ጨብጬ ተሳፈርኩ።

3 ሰዓት፣ ሰንበቴ

ሚኒባሱ እዚህ ድረስ ነው። ከብቱና ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል። ሰይድ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፤ ተሳፋሪም አልወረደም።

"እስቲ ክፈቺው" አሉ እትዬ ዘሀራ።

ጣቶቼ ደንዝዘው እምቢ አሉኝ፤ እሳቸው አንድ በአንድ ፈለቀቁልኝ። ስባሪዋን ሲያነሡ መዳፌ ላይ ምልክቷ ቀርቷል፤ አንድ መስመር፣ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ።