የበዋሂት ቀጠሮ

በገዳሪፍ ቀትር፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ግድግዳ በሚሸሽበት ሰዓት፣ አስናቀው ገበያ መሐል ቆሞ የብርድ ልብስ ይለካል። ልብሱን የምትሸጠው ዙህራ ናት፤ ከመተማ መጥታ ሰልባጅ የምትዘረጋ ሴት። ከፈረንጅ አገር ለስደተኛ የሚላከው ልብስ በየት በየት ዞሮ እሷ ዘንድ ይደርሳል። ያን ቀን ያወጣችለት ወፍራም ጃኬት ደረቱ ላይ ሥዕል ተሰፍቶበታል፤ አንድ ሰው ሁለት ረጃጅም ሳንቃ እግሩ ላይ አስሮ ከነጭ ተራራ ቁልቁል ይንሸራተታል። ዙህራ ይህ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው ብላ ጠየቀችው። አስናቀው ሥዕሉን ትክ ብሎ አየና፣ በረዶ ላይ መሆኑን፣ ይህንንም የሚያደርገው ጠግቦ መሆኑን ነገራት። ዙህራ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆን ካለሽ ፈልጊልኝ አላት።

አስናቀው የበየዳ ሰው ነው። አባቱም እሱም ዕድሜያቸውን የፈጁት ገብስ ወደ ደባርቅ እያወረዱ፣ ጨው ወደ በየዳ እየመለሱ፣ በቅሎ ሲነዱ ነው። በመንገዱ ላይ የሚገተረው የበዋሂት ተራራ ነው። ኅዳር ከገባ ሌሊቱን ምንጩ በረዶ ይሠራል፤ ጠዋት መንገዱ እንደ መስታወት ያዳልጣል። አስናቀው እዚያ ላይ ሁለት በቅሎና አንድ ወንድም ቀብሯል። ስለዚህ በዋሂትን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ባላጋራውን እንደሚጠራ ሰው።

በሰባ ስድስት ሰኔ መንደሩ ረሃቡን ሸሽቶ ወደ ሱዳን ሲነቀል፣ ልጁ ወርቅውሃ ኩፍኝ ይዟት ነበር። ሚስቱ ሸጊቱ የታመመች ልጅ ይዤ ዝናብ ውስጥ አልገባም አለች። አስናቀው ስንቅ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ብቻውን ወጣ። ከኋላው ወንዞቹ ሞሉ፣ ክረምቱም መንገዱን ዘጋበት። ይህን ባሰበ ቁጥር ራሱን ይረግማል። ባይወጣስ ኖሮ ብሎ ደግሞ ያስባል፤ ቤቱ ውስጥ የቀረው ገብስ ለሁለት ሰው እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

ገዳሪፍ ከገባ ጀምሮ ታዲያ ሥራው ሁለት ሆነ፤ ሰሊጥ ማጨድና በዋሂትን ማሰብ። በዚያ ዓመት እዚያም ዝናቡ አጥሮ ሰሊጡ ከጉልበት አይበልጥም። አጫጁ ሁሉ ስለ ምግብ ሲያወራ እሱ ስለ ብርድ ያወራል። ወንዞቹ በጥቅምት መጨረሻ ይጎድላሉ፤ ውርጩ ሰው መግደል የሚጀምረው ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ነው። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ሸጊቱንና ወርቅውሃን ይዞ መውጣት አለበት። ከገላባት እስከ በዋሂት ማዶ የአሥራ አንድ ቀን መንገድ ነው። ተራራው ላይ የሚነድ እንጨት ስለሌለ ከሰል ይሸከማል። ቅቤ ስለማይገኝ እግር እንዳይሰነጠቅ የሚቀባ የሰሊጥ ዘይት በጠርሙስ አጠራቀመ። ክብሪቱን በላስቲክ ጠቀለለ፤ ከጎማ የተቆረጠ በረባሶም አሠራ። የቆላውን መንገድ የሚያውቅለት፣ አብሮት ሊሄድ የተስማማ ደመቀ የሚባል የአርማጭሆ ሰው ነበር፤ ከሰል ተሸክሞ ተራራ መውጣት እብደት ነው እያለ ያሾፍበት ነበር። አስናቀው ግን በቅሎ ነጂዎች የሚያውቁትን ሕግ አንድ በአንድ ያስጠናዋል፤ ፀሐይ አመዳዩን ሳታሟሟው የተራራው ማለፊያ ላይ አይወጣም፣ እዚያ ላይ አይቀመጥም፣ የደከመው ሰው እንዲተኛ አይፈቀድለትም።

በመስከረም አጋማሽ አየነው የሚባል የመንደሩ ልጅ፣ የሞላ ወንዝ በዋና የሚሻገር ጉልበቱ የጠና ጎረምሳ፣ እናቱን ሊያይ ወደ በየዳ ሊመለስ ተነሣ። አስናቀው መልእክቱን ሰጠው።

«ለሸጊቱ እንዲህ በልልኝ። ለሚካኤል ከጭሮ ለባ መንደር በላይ ወዳለው ዋሻ ልጅቷን ይዛ ትምጣ። በዋሂትን ግን ያለ እኔ እንዳትሞክረው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን እኔ አዝላታለሁ።»

ሦስት ጊዜ አስደገመው። አየነው ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቃል ሳያዛንፍ ደገመለት። አስናቀው በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ወሰደው፤ ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ጥቅምት ሃያ አራት ቀን አየነው እግሩ አባብጦ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ የሰሊጡ ማሳ ዳር ብቅ አለ። አስናቀው ማጭዱን እንደያዘ ወደ እሱ ሮጠ። አየነው መቀመጥ ፈለገ፤ አስናቀው ቆመህ ንገረኝ አለው።

አየነው መንደሩ የደረሰው ጥቅምት ሦስት ቀን ነበር። መልእክቱን እንደተነገረው አድርሷል፤ አንድ ቃል አልጣለም። ሚካኤል ግን በየወሩ በአሥራ ሁለት ነው። ለአስናቀው ሚካኤል ማለት የኅዳሩ ነው፤ ታቦት የሚወጣበት፣ ሰው የሚደግስለት። በሬው የታረደበት፣ ጎተራው የተጠረገበት ቤት ውስጥ ለተቀመጠች ሴት ግን ሚካኤል ማለት የሚመጣው ሚካኤል ነው፤ ዘጠኝ ቀን የቀረው። ሸጊቱ ወዲያው ልጇን አዝላ ወጣች። አየነውም አብሯቸው ሄደ። አሥራ ሁለትን ዋሻው ውስጥ ጠበቁ፣ አሥራ ሦስትን ጠበቁ፣ አሥራ አራትንም ጠበቁ።

«ከዚያ ነገሩ ገባት፣ አያ አስናቀው» አለ አየነው። «‹የኅዳሩን ማለቱ ነው› አለች። ላሻግራችሁ ብላት፣ ‹ያለ እኔ እንዳትሞክረው ብሏል› አለችኝ። ተመለሽ ብላትም፣ ‹ወርጄ ደግሜ የምወጣበት ጉልበት የለኝም፤ እዚሁ እጠብቀዋለሁ› አለች። ያለችኝን ጥሬ ትቼላቸው መጣሁ።»

አስናቀው የአየነውን ሸሚዝ አንቆ ያዘ። ደግሞ ለቀቀው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል። ኅዳር የምትል አንዲት ቃል ከአፉ ቀርታለች፤ ከሰሉን ሳይረሳ፣ ክብሪቱን ሳይረሳ፣ ያቺን ረሳ። ማሳው መሐል ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አጫጆቹ ሰው ሞቶበት መስሏቸው ሊያጽናኑት መጡ፤ እሱ ግን ተነሥቶ መንገድ ጀመረ።

ያን ሁሉ ወር የተጠናው ዕቅድ በአንድ ቀን ፈረሰ። ከሰሉ ከባድ ነው ተብሎ ቀረ። ደመቀ ማጭዱን ጥሎ ተከተለው፤ በዚያ ቀን አላሾፈም። ማታ እናርፍበታለን ባሉት ቦታ ሁሉ አላረፉም። በዋሂት ሥር ሲደርሱ ደመቀ ፀሐይ እስክትወጣ እንጠብቅ፣ ራስህ ነህ ያስጠናኸኝ አለው። አስናቀው አልሰማውም። ገና ሳይነጋ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ማለፊያውን ወጣ። ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ፤ የግራ እጁ ጣቶች ከዚያ ቀን ወዲህ አልተጣጠፉም።

ዋሻው የደረሰው ኅዳር አምስት ቀን ነው። ሸጊቱ አለች። የጭሮ ለባ ሰዎች፣ ለራሳቸው ሳይተርፋቸው፣ አልፎ አልፎ እፍኝ ገብስ እያቀበሏት ሰንብታለች። ዋሻው አፍ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ስታየው አልተነሣችም።

«ገና ሰባት ቀን ይቀረዋል» አለችው። «ቀድመህ መጣህ።»

«ወርቅውሃስ?»

ሸጊቱ በአገጯ ወደ ዋሻው ጎን አመለከተችው። እዚያ በሰው እጅ የተከመረ ድንጋይ ነበር፤ አመዳይ ለብሷል።

«መሬቱ በረዶ ሠርቶ እንቢ አለኝ» አለችው። «አንተ ስትመጣ ትቆፍርላታለህ ብዬ ነው የጠበቅሁህ።»