ሰጥቼ የወሰድኩት በግ

አንድ በግ፣ ሠላሳ ሰባት ብር፣ እንዲሁም በየሳምንቱ ሁለት ብር ገደማ ታስገባልኝ የነበረች በረንዳ። ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ይህን ነው። ዋጋውን አስቀድሜ የምናገረው የነጋዴ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ሰው ዕቃውን ከወደደ በኋላ ዋጋ ሲነግሩት ይከፋዋል።

ጊዜው በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር ሱቅ ነበረኝ። ቆዳ፣ ሌጦና የበግ ጠጉር እየገዛሁ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። በንግድ ዘመኔ ብዙ ጊዜ ከስሬ ማንም አላለቀሰልኝም። ሳልከስር የተለቀሰልኝ በዚያች ሳምንት ብቻ ስለሆነ ግን እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ከምገዛው ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው ከአንኮበር ነበር። አንኮበሮች ዓርብ በሌሊት ተነሥተው፣ አህያቸውን ጭነው ያንን ሁሉ ዳገት ይወጡና ለቅዳሜ ገበያ ዓርብ ወደ ማታ እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። ታዲያ ማደሪያ የላቸውም። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሜዳው አመዳይ ለብሶ የተዘረጋ ነጠላ ይመስላል።

ስለዚህ አንኮበሮች የሚያድሩት እኔ በረንዳ ላይ፣ በሌጦ ክምር መካከል ተጠጋግተው ነበር። የማደሪያው ዋጋ በነፍስ ወከፍ አሥር ሳንቲም ነው። ሌጦው ይሸታል፤ ነገር ግን ይሞቃል። ለሽታው አላስከፈልኳቸውም።

በዚያ ዓመት መምህራኑ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰርና ጥቂት የመንግሥት ሠራተኞች ተሰብስበው አንድ የበጎ ሥራ ክበብ አቋቋሙ። መጀመሪያ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ድንጋይ አነጠፉት። ቀጥለው ለጤና ጣቢያው በሽተኞች አግዳሚ ወንበር አሠሩ። እስከዚህ ድረስ ከእኔ ጋር ጠብ አልነበራቸውም። ሦስተኛው ሐሳባቸው ግን ለገበያተኛው ባለ ቆርቆሮ ማደሪያ ቤት መሥራት ሆነ። ያውም በነፃ። ያውም ከበረንዳዬ ፊት ለፊት።

የክበቡ ሊቀ መንበር መምህር ተክሌ የሚባል ቀጭን፣ ትሑትና እንደ መዥገር የማይላቀቅ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሱቄ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ ገባ። ሰዓቱን የመረጠው አስቦበት ነው።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ግድግዳው ቆሟል። የቀረን ቆርቆሮው ነው፤ መግዣውን በጨረታ ልናሰባስብ ነው። ክረምት ሳይገባ ካልከደንነው ይፈርስብናል።»

«እግዜር ይርዳችሁ።»

«እሱማ ረድቶናል። አሁን የርስዎ ተራ ነው።»

ደንበኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ንፉግ ነው የተባለ ነጋዴ ሚዛኑንም አያምኑለትም። «ለጨረታ የሚሆን አንድ በግ እሰጣለሁ» አልኩ። መምህሩ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ባለቤቴ አስካለ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሯል። «የትኛውን በግ ነው?» አለችኝ።

«ያንን ትልቁን።»

«እሱ እኮ ጥርስ የለውም!»

«ለጨረታ ጥርስ ምን ያደርጋል?»

እውነቷን ነው፤ በጉ አርጅቷል። ነገር ግን ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጠጉሩ የተንዠረገገ፣ አፉን ከፍቶ ለማያይ ሰው አሥራ አምስት ብር የሚያወጣ መልከ መልካም ነበር። የእኔም ሐሳብ ቀላል ነው። በጉን እሰጣለሁ፣ እመሰገናለሁ። ከዚያ ጨረታው ላይ ረከስ ካለልኝ መልሼ እገዛውና ጫጫ ገበያ ወስጄ እሸጠዋለሁ። ምስጋናውም፣ ትርፉም የእኔ።

ጨረታው የተደረገው እሑድ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ከተማው ነጭ ለብሶ መጥቷል። አጫራቹ ድሬሰሩ ነበር፤ መርፌ መውጋት የለመደ ሰው ስለሆነ ለማንም አይራራም። ከዕቃው ሁሉ መጀመሪያ የቀረበው የእኔ በግ ነው።

ሻይ ቤት ያለው ጎረቤቴ ሦስት ብር አለ። አንዱ አራት፣ አንዱ አምስት አለ። እኔ ሰባት ስል ዝም አሉ። ድሬሰሩ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ብሎ ጠረጴዛውን መታ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ለሰባት ብር እንዲህ የሚያጨበጭብ ሕዝብ በግ አያውቅም ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ወጥቼ ሰባት ብሬን ቆጠርኩና የበጉን ገመድ ያዝኩ። ይህን ጊዜ ጭብጨባው ቆመ። ድሬሰሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሽ ዘውዴ፣ የሚሉት ነገር አለ?»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ሌላስ?»

ትንሽ አሰብኩ። «ገመዱም አብሮ ነው አይደል?» አልኩት።

በጌን ጎትቼ ወጣሁ።

ለካ ደንቡ ሌላ ኖሯል። እንዲህ ባለው ጨረታ ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ «ዳግመኛ ይሸጥልኝ» ብሎ ዕቃውን ለክበቡ ይመልሳል። የሚቀጥለውም እንዲሁ ያደርጋል። እኔ ከወጣሁ በኋላ የቀረበች አንዲት ዶሮ ዘጠኝ ጊዜ ተሽጣ፣ ሕዝቡ ሲበተን አሁንም የክበቡ ነበረች። ሰጥቶ፣ ገዝቶ፣ ይዞ የሄደ ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም።

አስካለ ይህን ከጎረቤት ሰምታ መጣች። አልጮኸችም። «ገመዱንም ጠየቅህ አሉ» አለችና ጓዳ ገባች።

ሳምንት ሳይሞላ ይረሳል ብዬ ነበር። ወሬ ግን ወደ አንኮበር ሲሄድ ቁልቁለቱ ያግዘዋል።

ዓርብ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ አንኮበሮች መጡ። እንደ ወትሮው አህዮቻቸውን አራግፈው በረንዳው ላይ በመውጣት ፈንታ ከደጅ ተሰብስበው ቆሙ። ከመካከላቸው እትዬ ይመኙሻል ወደ እኔ መጣች። እትዬ ይመኙሻል የበግ ጠጉር የምታመጣልኝ አሮጊት ናት። ገበያተኛው ሁሉ በእሷ ቃል ይወጣል፣ በእሷ ቃል ይገባል። በእጇ የተቋጠረ መሐረብ ይዛለች። ከኋላዋ አንድ ሰው ስልቻ ተሸክሞ ቆሟል።

«ዘውዴ፣ ሰማን» አለችኝ።

«ምን ሰማችሁ?»

«አትፈር ልጄ። ሰው ነህ፣ ይደርሳል። እኛም በቅሏችን ገደል የገባች ዓመት እንዲሁ ሆነን ነበር።»

«ምን ደረሰብኝ?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሰጠውን በግ በሰው ፊት መልሶ እስኪወስድ ድረስ የቸገረው ሰው፣ ልጆቹ ምን ቀምሰው ያድራሉ? ይህን አስበን አለቀስን። መቼም በጤናው እንዲህ የሚያደርግ የለም።»

መሐረቡን በእጄ ላይ አስቀመጠችው። ስድስት ብር ከአርባ ሳንቲም ነበር፤ አብዛኛው አሥር ሳንቲም፣ አልፎ አልፎ ስሙኒ። ስልቻው ውስጥ ሁለት ቁና ገብስ አለ።

ወደ አስካለ ዞርኩ። ነጠላዋን ጎርሳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አንኮበሮቹ የምታለቅስ መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ተቀበል እንጂ» አለችኝ፣ ድምፅዋ እንደ ምንም ወጥቶ። «ለተቸገረ ሰው ኩራት ምን ያደርጋል?»

ምን ልበል? አልፈልግም ብል ድኾች ያዋጡትን ናቀ እባላለሁ። ችግር የለብኝም ብል ታዲያ በጉን ለምን ወሰድክ ይሉኛል። ተቀበልኩ። ያን ዕለት የማደሪያውን አሥር ሳንቲም አልጠየቅሁም፤ እነሱም ሊሰጡኝ ሲሉ እምቢ አልኩ። «አዪ፣ እንዲያም ሆኖ ይሉኝታው አልለቀቀውም» ሲባባሉ ሰማሁ።

ነገሩ የከፋው ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው።

አንኮበሮች ሌጦአቸውን አምጥተው ያለ ደረሰኝ ጥለውልኝ ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ልኬ ስሸጥ በሳምንቱ እከፍላቸዋለሁ። ንግዴ የቆመው በዚህ ነው። በዚያን ዕለት ግን አንድ ስምንት ዓመት ሙሉ ደንበኛዬ የነበረ ሰው ሌጦውን ሳያራግፍ መጥቶ እጄን ያዘኝ።

«ወንድሜ ዘውዴ፣ አይክፋህ። የዛሬውን ለሌላ ነጋዴ እንሰጠዋለን። ዕዳ እንዳንጭንብህ ብለን ነው። ስትበረታ እንመለሳለን።»

ተከታትለው ሁሉም እንዲሁ አሉኝ። በፍቅር። አንዱ እንዲያውም ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። ሌጦዬ በዓይኔ ፊት አሥራ ሦስት አህያ ላይ ሆኖ ወደ ሌላ ሱቅ ተነዳ። በክፋት ቢሆን እከራከራለሁ፤ ደግነትን ግን በምን ይከራከሩታል? ሁለት ቅዳሜ እንዲህ ከቀጠለ ያላገኘኝ ድህነት በእውነት እንደሚያገኘኝ ገባኝ።

እትዬ ይመኙሻልን ጠጉር ተራ ሄጄ አገኘኋት። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«እትዬ፣ እኔ ድኻ አይደለሁም።»

«እሰይ። ታዲያ በጉን ለምን ወሰድከው?»

ዙሪያዬን አየሁ። «ረክሶ ስላገኘሁት ነው።»

የያዘችውን ጠጉር አስቀመጠች።

«ይሄማ ከድህነት ይብሳል» አለችኝ። «ድኻ ነው ብለን አዋጣንልህ። ለንፉግ ምን ይዋጣል?»

«ለሰዎቹ ንገሪልኝ፣ ሌጦአቸውን ይመልሱ።»

«ምን ብዬ? ወይ ደኸየሁ በል፣ ወይ ሠሠትኩ በል። ሁለቱንም መደበቅ አትችልም። ደግሞ እኔ ምን አገባኝ? ሰው ፊት የወሰድከውን ሰው ፊት መልስ።»

ክበቡ ጨረታውን ለሁለት እሑድ ነበር የያዘው። በማግስቱ በጉን እየጎተትኩ በከተማው መካከል ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በጉ ይህን መንገድ ሦስተኛ ጊዜው ስለሆነ ሳልመራው ይሄድ ነበር። ሻይ ቤት ያለው ጎረቤቴ ከበሩ ላይ ሆኖ «ዘውዴ! ዛሬ ደግሞ ልትሰጠው ነው ልትወስደው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አዳራሹ ሲሞላ ወደ ፊት ወጣሁ። እትዬ ይመኙሻል እህቷ ዘንድ አድራ ኖሮ ከኋላ ተቀምጣለች። ሌሎቹም ወደ አገራቸው ሳይወርዱ የቀሩ አንኮበሮች አጠገቧ ናቸው። መሐረቡን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ይህ ስድስት ብር ከአርባ ሳንቲም ነው» አልኩ። «አንኮበሮች ዘውዴ ደኽይቷል ብለው ያዋጡልኝ ነው። ድኻ አይደለሁም። በጉን የወሰድኩት ረክሶ ስላገኘሁት ነው። ገንዘቡም፣ በጉም የቆርቆሮው ነው።»

ከሳቅ ብዛት ከወንበር የወደቁ ነበሩ። መምህር ተክሌ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ፤ እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ድሬሰሩ በጉን ለጨረታ አቀረበ። አሁን ደንቡን አውቄያለሁ። «ሃያ ብር!» አልኩ። ጠረጴዛው ተመታ።

«ጋሽ ዘውዴ፣ የሚሉት ነገር አለ?»

«ዳግመኛ ይሸጥልኝ። ከነገመዱ።»

ጣራው ሊነሣ ደረሰ። ሻይ ቤት ያለው ገዝቶ መለሰ፣ መምህሩ ገዝቶ መለሰ። ድሬሰሩ እንደገና ሲጠይቅ ከኋላ «ስሙኒ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ይመኙሻል ናት።

«እማማ፣ በጉ እኮ ሃያ ብር ተሽጧል» አላት ድሬሰሩ በትሕትና።

«ሃያ ያለው ሰው ጥርሱን አላየም። እኔ አይቻለሁ። ስሙኒ!»

ከዚህ በላይ ሳትናገር «አሥር ብር!» ብዬ ጮኽኩ። ጠረጴዛው ተመታ፤ እሷም ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። አውቃ ነው ያደረገችው።

በጉ በዚያ ዕለት ሰባት ጊዜ ተሸጠ። ቤቱ ክረምት ሳይገባ ተከደነ። የተመረቀ ዕለት በጉን አረድነው፤ ሥጋው እንደ ጫማ ሶል አልታኘክ አለ። እትዬ ይመኙሻል እያላመጠች አየችኝ።

ሌጦው በሳምንቱ ተመልሷል። «በርትተሃል አሉ» እያሉኝ አራገፉ። አንዳንዱ አሁንም ከልቡ ነበር የሚለው። በረንዳዬ ግን ዓርብ ዓርብ ባዶዋን ቀረች። ፊት ለፊት ካለው ቤት ሳቅና ጨዋታ እየሰማሁ ሱቄን እዘጋለሁ።

ገብሱን ልመልስ ሞክሬ ነበር። እትዬ ይመኙሻል ስልቻውን በእግሯ ገፋችው።

«እኛ የሰጠነውን አንወስድም» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ልማድ የለንም።»

አሁን አርጅቻለሁ፣ ሱቁንም ለልጆቼ ትቻለሁ። ጨረታ ባለበት ስቀመጥ ዕቃው ገና ሳይቀርብ «ዳግመኛ ይሸጥልኝ» እላለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ለከሰረ ሰው የሚያዋጣ ብዙ አይቻለሁ። የበረንዳ ኪራይ ለሚያስከፍላቸው ነጋዴ ከቋጠሯት የሚያዋጡ ሰዎች ያየሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እነሱን አሥር ሳንቲም ማስከፈሌ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ በጉን ከመውሰዴ ይልቅ።

ሒሳቡ ይህ ነው። የወጣ፦ አንድ በግ፣ ሠላሳ ሰባት ብርና የበረንዳው ገቢ። የገባ፦ ሁለት ቁና ገብስ። ገብሱ ተበልቷል።