ለጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው በሪሁን

ለቡራዩ ሰፊ ሕዝብ፣ ለሰበታ ጭቁን የታክሲ ተሰላፊዎች፣ የሱሉልታ ብርድ ለማይበግራችሁ ሁሉ! የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪው በሪሁን፣ ለጠየቀው ሁሉ ሳያንገራግር በመመለስ ስላደረገው ተጋድሎ የዘመናችን ጀግና ተብሎ እንዲጠራ ታውጇል። ተቃውሞ ያለው ዝም ይበል፤ ዝምታ እንደሆን በሪሁን የማያውቀው ሙያ ነው።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ልትውጥ አፏን ከፈተች ተብሎ፣ መንገዱ ዛሬ በድንጋይ ነገ በፖሊስ ይዘጋል። ድንጋይ የደረደሩት ወጣቶች «ኤሳ ዴምታ?» ሲሉት በኦሮምኛ፣ ፖሊሶቹ «ወዴት ነህ?» ሲሉት በአማርኛ ይመልሳል። መመለሱስ ባልከፋ! የአክስቱን ሰፈር፣ የአክስቱን ባል ሥራ፣ የባልየውን ጨጓራ ሳይቀር ይጨምርበታል። ሁለቱም ወገን ሰልችቷቸው «እለፍ በቃ!» ይሉታል። ይህንንም ጥበብ ብሎ ይጠራዋል።

ያው መንገድ ኦቦ ገርባን ከልጅ ልጃቸው ከሊቤ ሰርግ አስቀራቸው። ከሆለታ ንቅንቅ የሚል መኪና አልነበረም። መንገዱ ሲከፈት ገስግሰው ቡራዩ፣ የሊቤ እናት ወይዘሮ ገለቴ ቤት ደረሱ።

«ሰርጓን በዓይኔ ሳላይ አልሄድም» አሉ። «ግን ምሳ እንደበላሁ መሄዴ ነው። ነገ መንገዱን ማን ያምናል?»

ሰርጉን ያቀናበረው በሪሁን ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ከፈተው፤ የይለፍ ቃል ጠየቀው፤ ሰጠው፤ ገባ። ወዲያው ሌላ ሳጥን ብቅ አለ፦ ስም፣ የይለፍ ቃል። ሰጠው። ጠፋና ተመልሶ መጣ። ደግሞ ሰጠው፤ ደግሞ መጣ። ፊልሙን ሊከፍት ሲል ፊቱ ድቅን! የድሮውን ቃል ሞከረ፣ የሚስቱን ስም ሞከረ፣ አጥፍቶ አስነሣው። ያው ነው።

«ምን ይላል?» አሉ ኦቦ ገርባ፣ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው።

«ማን ነህ ይላል፣ አባባ።»

«አልነገርከውም?»

«ነገርኩት እኮ! መልሶ ማን ነህ ይለኛል።»

«ፖሊስ ነው?»

ገለቴ ከጓዳ ሳቀች። «አንተ፣ የአክስትህን ባል ጨጓራ ነገርከው?»

ምሳው ቀረበ። ሽማግሌው እየጎረሱ በር በሩን ያያሉ፤ በሪሁን ላቡን እየጠረገ ይመልሳል።

«ለመሆኑ የሚጠይቅህ ማነው?» አለች ገለቴ።

«ላፕቶፑ ነዋ!»

«ላፕቶፑማ ቅድም አስገባህ፣ አይቻለሁ።»

ጀግናችን እስከዚያች ሰዓት ለሳጥኑ መለሰለት እንጂ አላነበበውም። አሁን አነበበው። ኢሜይሉ ነው! ላፕቶፑ በተነሣ ቁጥር አብሮ እየተነሣ ስምህን ይላል። ኢንተርኔቱ ከግርግሩ ጋር ስለተቆረጠ ግን መልሱን ተቀብሎ «ትክክል ነህ» የሚል ማዶ ላይ ማንም የለም። ስንት ጊዜ ለባዶ ቤት ሰላምታ ሲሰጥ ኖሯል።

ሳይመልስለት ዘጋው። ነውር የሠራ መሰለው። አብሮ እንዳይነሣም ከለከለውና ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሣው። አንድ ጊዜ ጠየቀ፣ አንድ ጊዜ መለሰ፣ አበቃ።

ሊቤ በነጭ ቀሚሷ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ከቤት ስትወጣ ስታለቅስ ኦቦ ገርባ ብድግ ብለው፣ ከዘራቸውን ወደ ላፕቶፑ ዘርግተው «አታልቅሺ ልጄ፣ ይኸው መጣሁ!» አሉ፤ መረቁም። ገለቴ የሳቀችውንና ያለቀሰችውን መለየት አቃታት።

በሪሁን ሽማግሌውን መኪና ድረስ ሸኛቸው። መንገድ ላይ ባለው ኬላ አንዱ ፖሊስ «እኚህ ማናቸው?» አለ። በሪሁን ከሰርጉ ጀመረ። ጨጓራው ጋ ሲደርስ ኦቦ ገርባ ክርኑን ያዙት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ፊትህ ድቅን የሚል ሳጥን አታጣም። ስምህን ከመስጠትህ በፊት እባክህ ቀና በልና፣ የሚጠይቅህ ማን እንደሆነ፣ ማዶስ ሰው መኖሩን፣ እስቲ አንድ ጊዜ እይ።