በጥናት ላይ ያለው ዋንዛ

በደብረ ታቦር መናፈሻ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የቡድን መሪያችን ጋሽ ሞላ አንድ ባልዲ ኖራና ብሩሽ ሰጡኝና «ግንዶቹን እስከ ደረት ድረስ ቀቢ» አሉኝ። ስህተት እፈራለሁና «በማን ደረት ጋሼ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ቢሮው ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በኃላፊው» አሉ።

ኃላፊው ረጅም ነበሩ፤ እኔ አጭር ነኝ። ብሩሹን ከአናቴ እኩል እያነሳሁ ቀባሁ። በኋላ አጭር ኃላፊ ተሾሙልን፤ ከደረታቸው በላይ ያለውን ኖራ ፍቀን ስንጨርስ ሳምንት ሞላን። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ የመሥሪያ ቤት አሠራር ግን የገባኝ በዚያ ሳምንት ነው።

ሥራዬ መኮትኮት፣ ማጠጣትና መከርከም ነበር። የዛፍ በሽታ እንደ ልጅ በሽታ ነው፤ ቀድሞ የሚያየው አብሮት የሚውል ሰው ነው። በመናፈሻው መካከል አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጥላው ሥር ቁጭ ብለው ያጠናሉ፤ የእኔም ልጅ እዚያው ትጠብቀኝ ነበር። አንድ ቀን ሥሩን ስኮተኩት ዱቄት የመሰለ ብናኝ አየሁ። ከግንዱ ግርጌ እንጉዳይ በቅሏል። በዶማዬ ጀርባ ግንዱን መታ መታ ባደርገው እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ።

ልጄን በር ላይ እንድትጠብቀኝ አደረግሁ። የሌሎቹ እናቶች ግን በምን ያውቃሉ?

ለጋሽ ሞላ ነገርኳቸው። «ማመልከቻ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። ባለሙያ መጣና በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሄደ። ቆይቶ ግንዱ ላይ ሰሌዳ ተመታ፦ «ይህ ዛፍ በጥናት ላይ ይገኛል።» ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ለማንበብ የግድ ከዛፉ ሥር መቆም ያስፈልጋል። ድሮ ወደዚያ የማይመጡ ልጆች እንኳ ለማንበብ መጡ።

ዙሪያው ይታጠር ብዬ ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፍኩ። «አደገኛነቱ በጥናት ሳይረጋገጥ አይታጠርም» ተባልኩ። እንግዲያው ከልጆቹ መቀመጫ በላይ የደረቀው ትልቅ ቅርንጫፍ እንኳ ይቆረጥ ብዬ ሦስተኛ ጻፍኩ። «ቅርንጫፉ ከተቆረጠ ጥናቱ ይበላሻል» ተባለ። በራሴ እሾህ ቆርጬ ግንዱን ከበብኩት። ጋሽ ሞላ «ለውበት አይስማማም» ብለው አስነሱት። ከዚያ ወዲያ ከጉና ተራራ በኩል ነፋስ በተነሣ ቁጥር ዶማዬን ጥዬ ልጆቹን ለማባረር እሮጣለሁ። «እብዷ መጣች!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ግንቦት ላይ መናፈሻውን የሚጎበኙ እንግዶች መጡ። ወንበሮቹን ከዋንዛው ሥር እንድደረድር ታዘዝኩ። የኮንትራቴ እድሳት ገና አልተፈረመም፤ ሦስት ልጆች አሉኝ። ቀና ብዬ ቅርንጫፉን አየሁና ወንበሮቹን ወስጄ ገላጣው ሜዳ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ ደረደርኳቸው።

ጋሽ ሞላ እየሮጡ መጡ። «አንቺ ሴትዮ! እንግዳ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ታሰጫለሽ?»

«በርበሬ ቢሆኑማ አልፈራም ነበር ጋሼ። በርበሬ ቤተሰብ የለውም።»

ይህን ስንባባል እንግዶቹ ደረሱ። ኃላፊው ላባቸውን እየጠረጉ «ያን የመሰለ ጥላ እያለ?» አሉኝ።

«ታሟል ጌታዬ። ይወድቃል። እንዳትጎዱ ብዬ ነው።»

«እንደሚወድቅ ማን አረጋገጠ?»

«ገና በጥናት ላይ ነው።»

እንግዶቹ ተቀመጡ፤ ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ቄስ ነበሩ። ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ዋንዛው አዩ። ልጆቹ እንግዶቹን ለማየት ተሰብስበው ጥላው ሥር ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ እኛስ በአንቺ ተረፍን። እነዚያስ?»

«ስለ እነሱ ሦስት ማመልከቻ ጽፌያለሁ አባቴ።»

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ጋሽ ሞላ ዞረው «ቅጂው የት ነው?» አሉ። ቄሱ መልሱን አልጠበቁም። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና «ኑ፣ ተነሡ ልጆቼ! ኑ ወደዚህ!» እያሉ ወደ ልጆቹ ሄዱ። ልጆቹ እኔን አይሰሙም፤ ቄስ ሲጠራቸው ግን ብድግ አሉ።

ዋንዛው በሦስተኛው ቀን ተቆረጠ። የግንዱ ውስጥ ሙሉ ክንድ የሚያስገባ ባዶ ነበር። ሪፖርቱ «በክፍሉ ጥብቅ ክትትል አደጋውን መከላከል ተችሏል» ይላል። ለእኔ «ያለ ፈቃድ ወንበር በማዛወር» የሚል የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ፈረምኩ። ኮንትራቴም ታደሰ፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ለሠራተኛ ነውና።

አሁን በመናፈሻ ሥራ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህን ነው። ማመልከቻ ጻፉ፤ ቅጂውንም ያዙ። መልሱ እስኪመጣ ግን ከታመመ ዛፍ ሥር ሰው አታስቀምጡ።