ባለ ቀይ ክሩ ፔርሙስ

ሰው በክፉ ሥራው ሲታሰር ስንቴ አይተናል። በመልካም ሥራው የታሰረ ሰው ማየት የፈለገ ግን ከደረጃው ሥር ወዳለችው ሻይ ማፍያ ክፍል ጎንበስ ብሎ ይመልከት፤ እትዬ መላ እዚያ አለችለት።

ክፍሏ አንድ ሰው መካከሏ ቆሞ እጁን ቢዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ የሚነካባት ናት። መስኮት የላትም። ከበሯ ሌላ ያላት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት፤ ብርጭቆ ይወጣባታል፣ ብርጭቆ ይገባባታል፣ ወሬም እንደዚያው። ጣሪያዋ ደረጃው ስለሆነ ሰው በረገጠ ቁጥር አቧራ ይዘንባል። እትዬ መላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ውስጥ ሻይ ስታፈላ ኖራ፣ ማን እንደወጣ ማን እንደወረደ ከርምጃው ትለያለች። ከሚስቱ ተጣልቶ የመጣውንም ከጫማው ታውቀዋለች።

መላ የሚለውን ስም ያወጡላት እናት አባቷ አይደሉም። የዛሬ ስድስት ዓመት ሥራ አስኪያጁ ከበላይ መሥሪያ ቤት ለመጡ እንግዶች ንግግር ሊያደርጉ በተዘጋጁበት ጠዋት ድምፃቸው ጥፍት አለ። ጉሮሯቸውን ቢጠርጉ፣ ውሃ ቢጠጡ፣ ወይ ፍንክች! አሳዘኗትና ዝንጅብል ቀጥቅጣ፣ ሎሚ ጨምቃ፣ ማር ጨምራ ትኩስ በትኩስ አጠጣቻቸው። ድምፃቸው ተመለሰ። ተመልሶም ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤ እንግዶቹ «ምነው ባልተመለሰ!» ሳይሉ አልቀሩም። ሥራ አስኪያጁ ታዲያ በዚያው ስብሰባ፣ በሁሉም ፊት፣ «ሐኪም ምን ያደርግልኛል? የእኔ ሐኪም ከደረጃው ሥር ናት!» አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ መላ ሆና ቀረች።

መደርደሪያዋ ላይ ሦስት ፔርሙሶች ተቀመጡ። ቀይ ክር እጀታው ላይ የታሰረበት ለሳል ነው፤ ዝንጅብል፣ ጦስኝና ማር። ባለ ሰማያዊ ክሩ ለሆድ፤ ናናና እንስላል። ባለ ነጭ ክሩ እንቅልፍ ላጣ ሰው፤ ወተት በቀረፋ። ክሩን ያሰረችው መነጽሩን የረሳ ሰው እንዳይሳሳት ብላ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሻይዋ ክፉ አልነበረም። ጉንፋን የያዘው ሰው ይጠጣል፣ ላብ ላብ ይለዋል፣ በሳምንቱ ይድናል። ባይጠጣም በሳምንቱ ይድን ነበር፤ ግን ጉሮሮው ሳይለሰልስ፣ «አይዞህ» የሚለው ሰው ሳያገኝ። ይህን እሷም በልቧ ታውቀዋለች። የጠየቃት ሰው ስለሌለ አልተናገረችም።

ምሳዋን የምትበላው ከመዝገብ ቤቷ ልጅ ጋር ነው። መዝገብ ቤቱ ከሻይ ክፍሏ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ እርጥበት ስላለው ልጅቷ ስድስት ሰዓት ሲሆን እጇን እያሻሸች ወደ ሙቀቱ ትመጣለች። አንዷ በርጩማ ላይ፣ አንዷ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ይቀመጣሉ፤ በሩ ካልተዘጋ የእግር ማሳረፊያ ስለሌለ ይዘጉትና ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው ይበላሉ። እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት። እትዬ መላም ልጅ አልወለደች። ለምን እንደተፈላለጉ መናገር አያስፈልግም።

ሳሉ የጀመረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። የልጅቷ አይደለም፤ የእትዬ መላ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ከባለ ቀይ ክሩ ፔርሙስ አንድ ብርጭቆ ጠጣች፤ ቀጥሎ ሁለት፤ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት ጨመረችበት። ሳሉ ወይ ፍንክች። ከዚያ ቀሚሷ ሰፋ፤ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ ያዘችው። ይኼኔ ሰው ምን ይላል? «ምን ነካሽ?» የሚል አንድ እንኳ ጠፋ! ከሰው ኃይል ክፍል የመጣችው ወፍራም ሴትዮ ክንዷን ቀዳዳዋ ላይ አስደግፋ፣ «እትዬ መላ፣ ሸንቀጥ አልሽ እኮ! ምን እየጠጣሽ ነው? ለራስሽ ብቻ አታድርጊው እንጂ!» አለቻት። በማግስቱ አራት ሴቶች የማቅጠኛ ሻይ ፈልገው ተሰለፉ። አይ ሰው! እሷም ምን ታድርግ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ ሰጥታ ሸኘቻቸው።

ጤና ጣቢያው ደግሞ ሩቅ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። አንድ ቀን ነጠላዋን ተከናንባ፣ ልቧን ጠበቅ አድርጋ ወጣች። መንገዱን ግማሽ እንደደረሰች ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣

«እትዬ መላ! ሐኪሞቹን ልታክሚ ነው?» ብሎ ጮኸ።

በሩ ላይ የነበሩት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። እሷም ሳቀች፤ ምን አማራጭ አላት? «ሎሚ አልቆብኝ ነው፣ አንተ ወሬኛ!» አለችና ወደ ሱቁ ታጠፈች። ሎሚ ገዝታ ተመለሰች። ሎሚ ሞልቷት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ግን የደበቀችው በሽታውን ብቻ አልነበረም፤ መድኃኒቷ እንዳልሠራም ጭምር እንጂ። ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ስትዘጋ ትንፋሽ አጠራት፤ ግድግዳዎቹ የተጠጉባት መሰላት።

ከዚያ ልጅቷ ማሳል ጀመረች።

ሦስት ሳምንት ሞላት። አንድ ረፋድ፣ ቀዳዳዋ ላይ ሰባት ስምንት ሰው ብርጭቆውን ይዞ ተሰልፎ ሳለ፣ ልጅቷ ከሰልፉ መሐል፣ «እትዬ፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ብታይ ይሻላል ወይስ ይኼ ይበቃኛል? ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ ነበር» አለቻት። ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ሆነው፣ «ምን ፈቃድ! ሐኪምሽ ፊትሽ ቆማ!» አሉ። ሁሉም እትዬ መላን አየ። እሷም ሁሉንም አየች። «ይበቃል» ማለት ኃጢአት ነው፤ «ሂጂ» ማለት ስድስት ዓመቱን ሁሉ በአንድ ቃል መናድ ነው። ያን ጊዜ ደረቷ ውስጥ ሳሉ እየመጣ ነበርና አፍና ያዘችው።

«ጠጪ፣ ይለቅሻል፣ የኔ ልጅ» አለች።

እግዜር የሚጠይቃት ነገር ካለ ይቺን ቃል ነው።

ከሰዓት በኋላ ብርጭቆ እያጠበች ሳለ ከግድግዳው ወዲያ ሳሉን ሰማችው። ደረቅ፣ ሁለቴ ተከታትሎ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ማቃሰት የሚያደርግ። ድንግጥ አለች። የራሷ ሳል ነበር፤ ከሌላ ሰው ደረት ሲወጣ ሰማችው እንጂ። እጇ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቆማ ቀረች።

ቅዳሜ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ማንም ወደማያውቃት ሰፈር ጤና ጣቢያ ሄደች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ዶክተሯ ገና ለጋ ናት፤ ደረቷን አዳመጠቻት፣ አክታ አስመረመረቻት፣ ማክሰኞ ውጤቱን ይዛ ጠበቀቻት።

«እናቴ፣ ሳሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ወር አልፎታል።»

«ሁለት ወር! ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው እኮ መታየት አለበት። ምን ሲያደርጉ ነበር?»

«ሻይ ስጠጣ።»

«ሻይ ይበቃል ያለዎት ማን ነው?»

እትዬ መላ ጉልበቷን እያየች፣ «አንዲት ሴትዮ» አለች።

«ሁለተኛ እንዳይሰሟት።»

«እሺ።»

ቲቢ ነበር። ዶክተሯ መድኃኒቱ ስድስት ወር እንደሚወሰድ፣ ሳያቋርጡ ከወሰዱት እንደሚያድን ነገረቻት። ሻዩም አልተከለከለም፤ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ መድኃኒትን ግን አይተካም። ለሁለት ሳምንት ከሥራ የምትቀርበትን ወረቀት ጻፈችላት። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳችና፣ «ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው አብረዎት የሚውሉ ሰዎች አሉ? መመርመር አለባቸው» አለች። እትዬ መላ ዐይኗ ላይ የመጣው ሳጥኑ፣ የተዘጋው በርና የልጅቷ ጉልበት ነው።

ወረቀቱን ለዘበኛው ሰጥቶ ውልቅ ማለት ይቻል ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ይህንኑ ስታሰላስል መጣች። ከዚያስ? ሌላ ሰው ባለ ቀይ ክሩን ፔርሙስ ይሞላል፣ ልጅቷም «እትዬ ጠጪ ብለውኛል» እያለች ትጠጣለች። እሷን በማመኗ ትሞታለች ማለት ነው።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት መጣች። ወደ ክፍሏ አልገባችም። ግቢው መሐል፣ ንፋስ በሚነፍስበት ራቅ ብላ ቆመች፤ አፍና አፍንጫዋ ተሸፍኗል። ሻይ ሲጠብቃት የቆየው ሰው ባዶ ብርጭቆውን ይዞ ከቀዳዳዋ ወደ እሷ ዞረ።

«ታምሜአለሁ» አለች። «ቲቢ ነው። አትጠጉኝ።»

ዘበኛው ግራ ገብቶት፣ «እትዬ መላ፣ ባለ ቀይ ክሩንስ ሞከርሽው?» አላት።

«ሁለት ወር ሙሉ ሞከርኩት! ለጉንፋን ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም። እያወቅሁ ዝም አልኩ። ሐኪም ስትሉኝ ደስ ብሎኝ፣ ከዚያ ደግሞ አፍሬ ዝም አልኩ።» እጇን ወደ ጤና ጣቢያው ዘረጋች። «አሁን የማዘው አንድ ነገር ነው። ብርጭቋችሁን አስቀምጡና መንገዱን ተሻገሩ። ሁላችሁም። ተመርመሩ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሥራ አስኪያጁ መርፌ ሲያዩ ራሳቸው የሚዞርባቸው ሰው ናቸው፤ ላብ ላብ አላቸው። ቢሆንም ከቆሙበት ደረጃ ወረዱና፣ «ሐኪሜ ካዘዘች ምን ይደረጋል» ብለው ቀድመው ተሻገሩ። ሌላው ተከተላቸው። ዘበኛው ሳይቀር በሩን ክፍት ትቶ ሄደ። አስፋልቱ መሐል ሲደርሱ ሥራ አስኪያጁ ዞር ብለው፣ «እትዬ መላ! ከምርመራው በፊት ምን እንጠጣ?» ብለው ጮኹ። ሰው እኮ አይማርም።

ልጅቷ ብቻ ቀረች። ብርጭቆዋን እንደያዘች ናት።

«የዚያን ቀን ጠጪ ሲሉኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ልጅቷ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ተሻገረች። ዞራም አላየች።

ከተመረመሩት ሁሉ መሐል ቲቢ የተገኘባት ልጅቷ ብቻ ሆነች። ሁለቱም በየጠዋቱ ከፊት ለፊቱ ጤና ጣቢያ ክኒናቸውን ነርሷ ፊት እየዋጡ ይሄዳሉ። አግዳሚው አንድ ነው። እትዬ መላ በዚህ ጫፍ፣ ልጅቷ በዚያ ጫፍ፣ መሐላቸው አራት ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ። እትዬ መላ «እንደምን አደርሽ» ትላለች፤ መልስ የለም። ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች፤ በማግስቱ እንደገና «እንደምን አደርሽ» ትላለች። ወደ ሥራ ስትመለስ የሻይ ክፍሏን በሯ ተነቅሎ፣ ግድግዳዋ ተበስቶ መስኮት ወጥቶላት አገኘቻት። ሰዉም እንደ ዱሮው «ለሳል ምን አለሽ?» ይላታል። «ስንት ቀን ሆነህ?» ሳትል አንድ ብርጭቆ አትቀዳም።

በሦስተኛው ወር ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ ልጅቷ ክኒኗን ውጣ ፊቷን አጨማደደች። ቆይታ ቆይታ፣ ግድግዳውን እያየች፣

«ክኒኑ ያቅለሸልሸኛል። ምን ይሻለኛል፣ እትዬ?» አለች።

እትዬ መላ ምላስ ጫፍ ላይ «ዝንጅብል» የሚለው ቃል መጣ። ሦስት ወር ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነበር። ዋጠችው።

«መጀመሪያ ነርሷን ጠይቂ» አለች። «እሺ ካለችሽ አፈላልሻለሁ።»

ልጅቷ ተነስታ ገባች። እትዬ መላ እጆቿን አጣምራ ጠበቀች፤ ውጤት እንደሚጠብቅ በሽተኛ ልቧ ይመታ ነበር። በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ወጣች፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ በጫፉ አይደለም።

«ዝንጅብል ምንም አይልም ብላለች» አለች። «ቀጠን ይበል።»